ከመዳብ ጉድጓድ እስከ ሕገ መንግሥት፤ የእስቴባን ባካ ካልዴሮን የትግል ሕይወት

ስለ ሜክሲኮ አብዮት ሲነገር በብዙዎች ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ዝናር የታጠቀ፣ ሰፊ ባርኔጣ የደፋ ፈረሰኛ የገበሬ ጦር ነው። ይህ ምስል እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ገበሬው በ1910 ጠመንጃ ከማንሣቱ ከአራት ዓመት በፊት የአምባገነኑን የፖርፊርዮ ዲያዝን አገዛዝ መሠረት ያነቃነቀው በሰሜናዊቱ ሜክሲኮ ከመሬት በታች መዳብ ይቆፍር የነበረው ወዛደር ነው። የትግሉ ሜዳ በሶኖራ ክፍለ ግዛት፣ ከአሜሪካ ድንበር ብዙም ሳትርቅ በተራራ መካከል የተቆረቆረችው ካናኔያ የምትባል ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ስሙ ከዚህች ከተማ ጋር ተሣሥሮ የቀረው ሰው ደግሞ የአንደኛ ደረጃ መምህር የነበረው እስቴባን ባካ ካልዴሮን ነው። የዚህን ሰው ሕይወት መመርመር አንድ የማዕድን ከተማ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ሀብቱ ወዴት እንደሚፈስ፣ የሠራተኛው ጥያቄስ በምን መንገድ የሀገር ሕግ እስከ መሆን እንደሚደርስ ለመረዳት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካልዴሮን የተወለደው በ1876 ዛሬ ናያሪት ተብሎ በሚጠራው ክፍለ ግዛት፣ ሳንታ ማሪያ ዴል ኦሮ በተባለች ቀበሌ ነው። ዲያዝ በጦር ኃይል ሥልጣን የያዘውም በዚያው ዓመት ነበር። እንግዲህ ካልዴሮን ከእናቱ ማኅፀን ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ የ35 ዓመት ጎልማሳ እስኪሆን ድረስ ከአጭር የሥልጣን ዘመን በስተቀር የሀገሪቱ ገዢ አንድ ሰው ብቻ ነበር ማለት ነው።

የዲያዝ አገዛዝ በውጭ ተመልካች ዘንድ የሥልጣኔና የጸጥታ ዘመን ተብሎ ይወደስ ነበር። አገዛዙ ሥልጣን ሲይዝ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው የባቡር ሐዲድ በ1910 ከ19 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። ግን ሐዲዱ የተዘረጋበትን አቅጣጫ ማስተዋል ይገባል። ዋናዎቹ መሥመሮች የሚያመሩት ወደ ወደቦችና ወደ ሰሜኑ ድንበር ነበር። ብር፣ መዳብ፣ ከብትና ሌላውም ጥሬ ዕቃ በዚሁ ሐዲድ ወደ ውጭ ይጋዛል፤ ትርፉም አብሮት ይሄዳል። የማዕድን ሕጎቹ በተሻሻሉ ቁጥር ለባለሀብቱ ይበልጥ እየተመቹ ስለ ሄዱ፣ የምድሪቱ ሆድ በውጭ ኩባንያዎች እጅ ወደቀ። ገበሬው በበኩሉ ከአያት ቅድመ አያቱ የወረሰው የወል መሬት በትልልቅ ርስተኞች እየተነጠቀ፣ ጉልበቱን ሊሸጥ ወደ ከተማና ወደ ማዕድን ማውጫ ይሰደድ ጀመር።

ካናኔያ የዚህ ሥርዓት ልጅ ናት። በተራራዎቿ ውስጥ መዳብ መኖሩ ቀደም ብሎ የታወቀ ሲሆን፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግድም የሶኖራ ገዢ የነበረው ኢግናስዮ ፔስኬራ ማዕድኑን በትንሹ ያሠራ ነበር። መሠረታዊው ለውጥ የመጣው ግን በ1899 ዊልያም ግሪን የተባለ አሜሪካዊ የካናኔያ የተጠቃለለ የመዳብ ኩባንያን ሲያቋቁም ነው። ጊዜው የኤሌክትሪክ ዘመን የጀመረበት ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች መብራት ሲበራ፣ የቴሌግራፍና የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ፣ የመዳብ ፍላጎት በየዓመቱ ይጨምራል። ግሪን አክሲዮን በኒው ዮርክ እየሸጠ ባሰባሰበው ገንዘብ ጉድጓዶችን አስቆፈረ፣ ማቅለጫ ምድጃዎችን አስተከለ፣ ከተማዋን ከድንበር ጋር የሚያገናኝ ሐዲድ አስዘረጋ። ካናኔያ ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከጥቂት ጎጆዎች መንደርነት ተነሥታ ከ20 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት ከተማ ሆነች።

ከተማ ትባል እንጂ በእውነቱ የአንድ ሰው ግቢ ነበረች። ጉድጓዱና ማቅለጫው የኩባንያው ነው፤ ባንኩና ትልቁ መደብርም የኩባንያው ነው። በዙሪያዋ ያለው ሰፊ የግጦሽ መሬት ደግሞ የግሪን የከብት ኩባንያ ንብረት ነበር። ሠራተኛው በወር መጨረሻ የተቀበለውን ደመወዝ ለኪራይ፣ ለዱቄት፣ ለባቄላና ለጫማ መልሶ ለዚያው ለአሠሪው ያስረክባል። አሰፋፈሩም የመደብና የዘር ልዩነትን በግልጽ ያሳይ ነበር። አሜሪካውያኑ ላ ሜሳ በተባለው ከፍታ ላይ በተሠሩ ምቹ ቤቶች ሲኖሩ፣ አብዛኛው ሜክሲኮአዊ ወዛደር በሮንኪዮ ሸለቆና በየጉድጓዱ አካባቢ በተጠጋጉ ጎጆዎች ታጭቆ ከማቅለጫው በሚወጣ ጢስ ውስጥ ይኖር ነበር።

ካልዴሮን ወደዚህች ከተማ የመጣው በ1905 ነው። በትውልድ አካባቢው መምህር ሆኖ ያገለገለ፣ የተማረና የሊበራል ጋዜጦችን የሚያነብ ሰው ቢሆንም፣ እንደ ሺዎቹ የሀገሩ ልጆች ኑሮ ወደ ሰሜን ገፋው። በካናኔያም ወደ ጉድጓድ ወርዶ በጉልበቱ ሠራ። ይህ ለወደፊት ሕይወቱ ወሳኝ ነበር። ብዝበዛን በመጽሐፍ ያነበበ ምሁር ብዙ ነው፤ በፈረቃ ሰዓት ከላብ አደሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ፣ በዚያው የጉድጓድ አሣንሰር ወርዶ፣ በደመወዝ ቀን በዚያው መስኮት ፊት የተሰለፈ ግን ጥቂት ነው።

ካልዴሮን በዚያ ያየው ነገር ምን ነበር? ኩባንያው ከ5 ሺህ በላይ ሜክሲኮአውያንንና ከ2 ሺህ በላይ የውጭ ዜጎችን ያሠራ ነበር። የሜክሲኮአዊው የቀን ደመወዝ 3 ፔሶ ገደማ ሲሆን፣ በተመሳሳይ ሥራ ላይ የተሰማራው አሜሪካዊ እጥፍ የሚደርስ ክፍያ ያገኛል። ካቦነቱና የባለሙያነቱ ሥራ ለውጭ ዜጋ የተጠበቀ በመሆኑ፣ ሜክሲኮአዊው የቱን ያህል ችሎታ ቢኖረው የዕድገት በር ተዘግቶበት ነበር። በገዛ ሀገሩ ምድር ላይ በዜግነቱ ምክንያት ያነሰ ይከፈለው ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በዚያን ጊዜ የካናኔያ ደመወዝ በሜክሲኮ ሌላ ክፍል ከሚከፈለው የላቀ ነበር፤ የገጠሩ የቀን ሠራተኛ ከዚህ ሲሶውን እንኳ አያገኝም። ታዲያ ስለ ምን ከሁሉ የተሻለ የሚከፈለው ሠራተኛ ቀድሞ ዐመፀ? መልሱ ሠራተኛው ራሱን የሚመዝነው ርቆ ካለው ድሃ ጋር ብቻ ባለመሆኑ ላይ ነው። በአንድ ጉድጓድ፣ በአንድ ፈረቃ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ አብሮት ከሚሠራው ሰው ጋር ራሱን ያስተያያል። ከተማው ውድ በመሆኑም የደመወዙ ብልጫ በኩባንያው መደብር ደጃፍ ላይ ይተናል። ከዚህም በላይ ብዙ ሺህ ሠራተኛ በአንድ ቦታ መሰባሰቡ፣ ድንበር ተሻግሮ በአሜሪካ ማዕድን ማውጫዎች የሠራው ሰው ስለ ማኅበርና ስለ ስምንት ሰዓት ሥራ የሰማውን ይዞ መመለሱ፣ ረሃብ ብቻውን ሊፈጥር የማይችለውን ንቃት ፈጠረ።

ይህን ንቃት ወደ ድርጅት መለወጥ የካልዴሮንና የትግል ጓዱ የማኑኤል ዲዬጌዝ ሥራ ሆነ። በጃንዋሪ 1906 ሊበራል ኅብረት ሰብአዊነት የተሰኘ ምስጢራዊ ማኅበር ሲመሠረት ዲዬጌዝ ሊቀ መንበር፣ ካልዴሮን ጸሐፊ ሆኑ። በከተማይቱም ጠበቃው ላሳሮ ጉቴሬዝ ዴ ላራ ሌላ ሊበራል ክበብ አቋቋመ። ሁለቱም በስደት በአሜሪካ ሆነው ሬሄኔራስዮን የተባለውን ጋዜጣ ያሳትሙ ከነበሩት ከፍሎሬስ ማጎን ወንድማማቾችና ከሜክሲኮ ሊበራል ፓርቲ ጋር ግንኙነት ነበራቸው። ጋዜጣው በድብቅ ድንበር ተሻግሮ ይገባና ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ማንበብ ለማይችለው ማንበብ የሚችለው ያነብለታል። በሜይ 5 ቀን፣ ሜክሲኮ በ1862 በፈረንሳይ ወራሪ ላይ የተቀዳጀችው ድል ሲከበር፣ ካልዴሮን ባደረገው ንግግር የሀገር ፍቅርን በዓል ስለ ሠራተኛው መብት ማስተማሪያ አደረገው።

ካልዴሮን ይመኝ የነበረው የሀገሪቱን የማዕድን ሠራተኞች ሁሉ የሚያቅፍ ማኅበር አስቀድሞ ማቋቋም ነበር። ታሪክ ግን የመሪዎችን ዝግጅት ሁልጊዜ አይጠብቅም። በሜይ 31 ምሽት ኦቨርሳይት በተባለው ጉድጓድ ሥራው ከማግስቱ ጀምሮ በኮንትራት እንደሚሆን ለሠራተኞቹ ተነገራቸው። የኮንትራቱ አሠራር ቀላል ነው። ኩባንያው የማዕድን ቁፋሮውን ለካቦዎች በቁርጥ ዋጋ ይሰጣል፤ ካቦው ትርፉን የሚያገኘው የሠራተኛውን ቁጥር ቀንሶ የቀሩትን ይበልጥ በማሠራት ነው። ውጤቱም ለአንዳንዱ ከሥራ መባረር፣ ለሌላው በዚያው ደመወዝ የሥራ መክበድ ነው። የኦቨርሳይት ሠራተኞች ነገሩን ወዲያው ተረድተው በጁን 1 ቀን 1906 ንጋት ላይ ሥራ አቆሙ።

በዚህ ሰዓት ካልዴሮንና ዲዬጌዝ ከባድ ምርጫ ገጠማቸው። ማኅበራቸው ገና ጨቅላ ነው፤ የአድማ ገንዘብ የለም፤ ከሌሎች ከተሞች ጋር የተጠናከረ ትስስር የለም። ጊዜው አልደረሰም ብሎ ዳር መቆም በሠራተኛው ፊት ክህደት ነው፤ መሪ የሌለውን ሰልፍ ከፊት ሆኖ መምራት ደግሞ ወህኒ ወይም ሞት ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱም ከሠራተኛው ጋር መቆምን መረጡ። የሠራተኛው ተወካዮች ሆነውም ጥያቄውን በጽሑፍ ለኩባንያው አቀረቡ። ለስምንት ሰዓት ሥራ 5 ፔሶ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲከፈል፤ ከኩባንያው ሠራተኞች 75 በመቶው ሜክሲኮአውያን፣ 25 በመቶው የውጭ ዜጎች እንዲሆኑ፤ ሜክሲኮአዊው እንደ ችሎታው የማደግ መብት እንዲኖረው፤ የጉድጓዱን አሣንሰር የሚያንቀሳቅሱት መልካም ጠባይ ያላቸው ሰዎች እንዲሆኑ፤ ሠራተኛውን የሚያንገላታ ካቦም እንዲነሣ የሚሉ ነበሩ። ኩባንያው ሁሉንም ውድቅ አደረገ።

ከሰዓት በኋላ ከ2 ሺህ የማያንስ ሠራተኛ የሀገሩን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ፣ በእጁ መሣሪያ ሳይኖር ሌሎቹን ጉድጓዶችና ማቅለጫውን እያስተባበረ ወደ ኩባንያው የጣውላ መጋዘን አመራ። በዚያ ሥራውን የሚመሩት ሜትካፍ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ነበሩ። በሰልፈኛው ላይ በጎማ ውሃ ተረጨ፤ ቀጥሎም ጥይት ተተኮሰ፤ ሠራተኞች ወደቁ። የተቆጣው ሕዝብ በድንጋይና በቁፋሮ መሣሪያ ተጋፈጠ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ተገደሉ፤ መጋዘኑም በእሳት ጋየ። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ የታጠቁ የኩባንያው ሰዎች በሕዝቡ ላይ ይተኩሱ ጀመር።

በማግስቱ የሆነው ነገር የዲያዝን አገዛዝ እርቃኑን አወጣው። የሶኖራ ገዢ ራፋኤል ኢዛባል በካፒቴን ቶማስ ራይኒንግ የሚመሩ ከ200 በላይ የታጠቁ አሜሪካውያንን ከአሪዞና ይዞ በባቡር ድንበር ተሻግሮ ካናኔያ ገባ። የሜክሲኮን ሠራተኛ ጸጥ ለማሰኘት የባዕድ ጠመንጃ በሜክሲኮ ምድር ላይ በመንግሥት ባለሥልጣን ተመርቶ ገባ ማለት ነው። በዚያው ምሽት የኮስተርሊትስኪ ፈረሰኛ ጦር ደርሶ ከተማዋን በቁጥጥር ሥር ሲያውል አሜሪካውያኑ ተመለሱ። የጦር አዛዡ ጄኔራል ቶሬስም ሠራተኛው ወደ ሥራው ካልተመለሰ ከያኪ ሕዝብ ጋር ወደሚካሄደው ጦርነት እንደሚዘምት አስጠነቀቀ። ያኪዎች በዚያ ዘመን መሬታቸው እየተነጠቀ ወደ ዩካታን እርሻዎች በግዞት ይጋዙ የነበሩ የሶኖራ ነባር ሕዝቦች ናቸው። አንዱን ጭቁን ሌላውን ጭቁን እንዲወጋ ማስገደድ ከዚህ የበለጠ በግልጽ ሊታይ አይችልም።

በአድማው ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱም አልተፈጸመም። ገዢው ኢዛባል የውጭ ታጣቂ በማስገባቱ ተከስሶ ነጻ ወጣ። ካልዴሮንና ዲዬጌዝ ግን የ15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በመጨረሻም በቬራክሩዝ ወደብ ፊት ለፊት በባሕር ውስጥ ወደ ቆመው የሳን ሁዋን ዴ ኡሉዋ ምሽግ ተወሰዱ። የዚህ እስር ቤት ክፍሎች እርጥበት የሚያንጠባጥብባቸው፣ ብርሃን የማይደርስባቸው ስለ ነበሩ ስሙ ብቻ የፖለቲካ እስረኛን ያስፈራ ነበር።

አድማው በጥይት ቢደመሰስም ዜናው አልተደመሰሰም። ሊበራል ፓርቲው በአንድ ወር ውስጥ፣ በጁላይ 1 ቀን 1906፣ የስምንት ሰዓት ሥራንና ዝቅተኛ ደመወዝን ያካተተ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። በጃንዋሪ 1907 በቬራክሩዝ ክፍለ ግዛት የሪዮ ብላንኮ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ተነሡ፤ እነሱም በጥይት ተቆሉ። ካናኔያና ሪዮ ብላንኮ የሚሉት ሁለት ስሞች ከዚያ በኋላ በሜክሲኮ ሠራተኛ አንደበት አብረው ይጠሩ ጀመር። ራሱ ግሪንም ቢሆን ድሉን ብዙ አላጣጣመም። የመዳብ ዋጋ በወደቀበትና የገንዘብ ቀውስ በደረሰበት በ1907 ግድም ኩባንያው ከእርሱ በበለጡ የአሜሪካ የመዳብ ከበርቴዎች ቁጥጥር ሥር ገባ። ትልቁ ዓሣ ትንሹን ሲውጥ ሠራተኛው በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቀረ።

ዲያዝ በ1911 ሲወድቅ የኡሉዋ በሮች ተከፈቱ፤ ካልዴሮንም ነጻ ወጣ። ግሪን በካናኔያ የሞተው በዚያው ዓመት ነው። ዲዬጌዝ ወደ ካናኔያ ተመልሶ የከተማይቱ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። ጄኔራል ኡኤርታ በ1913 ፕሬዚዳንት ማዴሮን ገልብጦ ሲያስገድል ሁለቱም በሶኖራ ከተነሣው የሕገ መንግሥታውያን ጦር ጋር ተሰለፉ፤ ብዙ የካናኔያ ማዕድን ሠራተኛም ጠመንጃ አንሥቶ ተከተላቸው። መምህሩ ካልዴሮን ከጦርነቱ በጄኔራልነት ወጣ።

የሕይወቱ ከፍተኛ ምዕራፍ ግን የተፈጸመው በጦር ሜዳ ሳይሆን በጉባኤ አዳራሽ ነው። በዲሴምበር 1916 በኬሬታሮ ከተማ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ሲከፈት ካልዴሮን የሐሊስኮ ተወካይ ሆኖ ተገኘ። የጦሩ ዋና አዛዥ ቬኑስትያኖ ካራንዛ ያቀረበው ረቂቅ ስለ ሠራተኛ መብት የሚለው እምብዛም አልነበረውም። ይኸው ካራንዛ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በኦገስት 1916፣ በዋና ከተማዋ አድማ የመቱ ሠራተኞችን በሞት ቅጣት ያስፈራራ ዐዋጅ ያወጣ ሰው ነው። በጉባኤው ግን ካልዴሮን የተሰለፈበት ሥር ነቀል ክንፍ አየለ። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1917 የታወጀው ሕገ መንግሥት በ123ኛው አንቀጽ የስምንት ሰዓት ሥራን፣ የመደራጀትና የአድማ መብትን፣ ደመወዝ በሕጋዊ ገንዘብ እንጂ በኩባንያ ኩፖን እንዳይከፈል፣ ለእኩል ሥራም በጾታና በዜግነት ልዩነት ሳይደረግ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል ደነገገ። በ27ኛው አንቀጽ ደግሞ የከርሰ ምድር ሀብት የሕዝብ መሆኑ ተረጋገጠ። የኦቨርሳይት ሠራተኞች ጥያቄና የእነዚህ አንቀጾች ቃል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዝምድናቸው ግልጽ ነው። በ1906 የወንጀል ማስረጃ የነበረው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የሀገር የበላይ ሕግ ሆነ።

ሁለቱ ጓዶች ከዚያ ወዲህ የሄዱበት መንገድ ተለያየ። ዲዬጌዝ በጄኔራሎች የሥልጣን ሽኩቻ ውስጥ ገብቶ፣ በ1923 መጨረሻ በፕሬዚዳንት ኦብሬጎን ላይ ከተነሣው ዐመፅ ጋር በመሰለፉ በ1924 በጥይት ተደብድቦ ሞተ። ካልዴሮን ሴናተር፣ በ1920ዎቹ መጨረሻም የናያሪት ክፍለ ግዛት ገዢ ሆኖ አገለገለ። በሽምግልናው ስለ ያኪ ጦርነትና ስለ ካናኔያ አድማ አነሣሥ የጻፈው መጽሐፍ በ1956 የታተመ ሲሆን፣ እርሱም በ1957 በ80 ዓመቱ ዐረፈ።

የካልዴሮንን ሕይወት በሚዛን ስናስቀምጥ ውዳሴ ብቻውን አይበቃም። ካልዴሮን ሊበራል ዲሞክራት ነበር፤ የምርት መሣሪያው የማን ይሁን የሚለውን ጥያቄ እስከ ፍጻሜው አልገፋበትም። የ1917ቱ ሕግ ለሠራተኛው መብት ሰጠ እንጂ ጉድጓዱን አልሰጠውም። የካናኔያ መዳብ ከግሪን እጅ ወጥቶ በአናኮንዳ ኩባንያ ሥር ለአያሌ ዓሥርተ ዓመታት ቆየ። የግሪን ቤተሰብ የግጦሽ መሬት ለገበሬዎች የጋራ ይዞታ የሆነው በ1958፣ ካልዴሮን በሞተ በዓመቱ ነው። የማዕድኑ አብላጫ ድርሻ በሜክሲኮአውያን እጅ የገባው በ1971 ሲሆን፣ ኋላም መንግሥት ጠቅልሎ ያዘው። በ1989 ድርጅቱ ከስሯል ተብሎ ጦር ሠራዊት ጉድጓዱን ተቆጣጠረ፤ በ1990ም ለግል ባለሀብት ተሸጠ። በጁላይ 2007 ሠራተኞቹ ስለ ጤናና ስለ ሥራ ደኅንነት አድማ መቱ፤ በጁን 2010 የፌዴራል ፖሊስ ማዕድን ማውጫውን በኃይል ያዘ። በኦገስት 2014 ከዚያው ማዕድን ማውጫ 40 ሺህ ሜትር ኩብ የአሲድ ፍሳሽ ወጥቶ የሶኖራን ወንዝ ሲበክል፣ ዋጋውን የከፈሉት መዳቡን አይተውት የማያውቁ የወንዙ ዳር ገበሬዎች ነበሩ።

ዛሬ በካናኔያ አድመኞቹ ታስረውበት የነበረው አሮጌ እስር ቤት የሠራተኛው ትግል ሙዚየም ሆኗል። ሕንጻው የድሉ መታሰቢያ ቢሆንም፣ የከተማይቱ ታሪክ አንድ መብት በወረቀት ላይ ስለ ሰፈረ ብቻ በጉድጓዱ ውስጥ ተፈጽሟል ማለት እንዳልሆነ ይመሰክራል። ሕጉን ያስገኘው ሠራተኛው ተደራጅቶ ስለ ቆመ ነው፤ ድርጅቱ በተዳከመ ቁጥር ደግሞ ሕጉ ጥርስ አልባ ይሆናል። ካልዴሮን ለወዛደሩ ያስተማረው ዋና ነገርም ይኸው ነው። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብ፤ የተረዳ ያልተረዳውን ያስረዳ፤ የትግሉ ሰዓት ዝግጅት ሳያልቅ ቢደርስም የተማረው ሰው ከሠራተኛው ጎን አይለይ። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው የካናኔያ ጥያቄ፣ ለእኩል ሥራ እኩል ዋጋ የሚለው፣ ሠራተኛ በላቡ በሚያድርበት ሁሉ መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው።